ወደ አዳጊዎች ያለፍኩበት ቀሚስ

ሰሞኑን ዱባይ አንድ ሆቴል ውስጥ ሥራ ጀምሬ፣ የደንብ ልብስ እንዲሰፋልኝ ልብስ ሰፊ ጋ ተላክሁ። ሰፊው ሽማግሌ ናቸው። አንገታቸው ላይ ሜትር አንጠልጥለው፣ በከንፈራቸው እስፒል ነክሰው፣ እጄን እንድዘረጋ በምልክት አሳዩኝ። ሜትሩ ከትከሻዬ እስከ እጄ አንጓ ሲወርድ ፊቴ ጋለ። ሰውየው ሥራቸውን ነው የሚሠሩት፣ ምን ያሳፍራል? እኔ ግን በዚያች ደቂቃ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ ነበር፤ ሻርጃ፣ በሰኔ፣ አርብ ቀን።

ያን ጊዜ የዚህ አገር የእረፍት ቀን አርብ ስለነበር ሰንበት ትምህርት ቤታችንም የሚውለው አርብ ነበር። “ሰንበታችን አርብ ነው” ስላቸው አገር ቤት ያሉ ዘመዶቻችን በስልክ ይስቁብኛል። አዳራሹም የእኛ ብቻ አልነበረም። ጠዋት ሕንዶቹ ይጸልዩበታል፤ እኛ ስንገባ የምሳቸው የካሪ ሽታ ገና አልወጣም። እኛ ስንወጣ ደግሞ ፊሊፒኖቹ ጊታራቸውን አዝለው በር ላይ ይጠብቃሉ።

እኔና አባቴ የምንኖረው እዚያው ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር ነበር፣ አንድ ክፍል ውስጥ፣ መሐሉን በመጋረጃ ከፍለን። አባቴ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ጋራዥ ይሠራል። እናቴ አጅማን ውስጥ ማዳም ቤት እያደረች ትሠራለች፤ በወር አንድ አርብ ትመጣለች፣ ማዳም እንግዳ ከጠራች ደግሞ እሱም ይቀራል። አጅማን ከሻርጃ የሚለየው አንድ መንገድ ነው፣ ሰው ለገበያ ሄዶ የሚመለስበት። የእናቴ አጅማን ግን ሩቅ ነበር።

ስትመጣ ልብሷ የማዳም ቤቱን ዕጣን፣ ዑድ ዑድ ይላል። አልጋው ላይ ጋደም ትልና ስለ ማዳም ልጅ ታወራልኛለች፤ እንቁላል እንደማትወድ፣ መብራት ሲጠፋ እንደምታለቅስ፣ ሒሳብ እንደሚከብዳት። “እኩያሽ እኮ ናት” ትለኛለች ሁልጊዜ። ልንገራችሁ፣ ያቺን ልጅ አንድ ቀን እንኳ ሳላያት አብራኝ ከምትማረው ልጅ ይበልጥ አውቃት ነበር።

በዓመቱ መዝጊያ ሰንበት ትምህርት ቤታችን አንድ ልማድ ነበረው። ከሕፃናት ክፍል ወደ አዳጊዎች የሚያልፉ ልጆች መጀመሪያ በራሳቸው ነጭ ልብስ ይዘምራሉ። ከዚያ እናቶቻቸው አንድ በአንድ ወደ መድረክ ወጥተው፣ ሕዝቡ እያየ፣ የመዘምራን ልብስ ያለብሷቸዋል። ያን ዓመት ተረኛዋ እኔ ነበርኩ፤ መዝሙሩን የምመራውም እኔ። ለእናቴ በስልክ ስነግራት ጮኸች። “ቀሚስ አሰፋልሻለሁ! ዋላሂ፣ እንዳንቺ የሚያምር አይኖርም!” አለችኝ።

ከገና በኋላ ማዳም ስለወለደች እናቴ መውጣት አልቻለችም። ስለዚህ ቀሚሱ በስልክ ያደገ ቀሚስ ነው። ጨርቁ ከአገር ቤት በሰው እጅ መጣ፤ ጥለቱ አረንጓዴና ወርቃማ ሆነ፤ አጅማን ጥሩ ልብስ ሰፊ ተገኘ። ለጓደኞቼ ቀሚሱን ሳላየው ስንት ጊዜ እንደገለጽኩላቸው! እናቴ እንደምትመጣም ነግሬያቸዋለሁ። አንዳንዶቹ እናት ያለኝ አይመስላቸውም ነበር።

የመዝጊያው ቀን ሁሉም ለብሰው ሲጠብቁ እኔ በጂንስ ሱሪ በር ላይ ቆሜአለሁ። ውጭው ይፋጃል፣ ከውስጥ የኤሲው ድምፅ ይጮሃል። ታክሲ መጥቶ ቆመና እናቴ ፌስታል ታቅፋ ወረደች። እየሮጠች መጥታ አጠገቤ ስትደርስ ቆም አለች። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

“አንቺ ነሽ?” አለች።

የቀለደች መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። “ያላ፣ ቶሎ በይ፣ ማዳም እስከ አስር ሰዓት ነው ያለችኝ” ብላ እየጎተተች ወደ ሴቶች መታጠቢያ ቤት ወሰደችኝ።

ቀሚሱ እውነትም ያምር ነበር። አዲስ ጥጥ ጥጥ ይሸታል። ራሴን አለፈ፤ ትከሻዬ ላይ ተያዘ። እየሳበች አወረደችው። እጅጌው ከክርኔ ትንሽ ወረድ ብሎ ቀረ። እግሬ ላይ ይነጠፋል የተባለው ጥለት ባቴ ላይ ተንጠለጠለ። ወገቡ ግን ሰፊ ነበር፣ ሌላ ልጅ የሚያስገባ።

“ሰፊው ነው ያበላሸው?” አልኳት።

“ሰፊው ምን ያድርግ፣ በሲባጎ ለክቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ።”

“በማን ለካሽው?”

ጥለቱን ወደ ታች ጎተተችው። ቧንቧው ይንጠባጠባል።

“በልጅቷ” አለች ቀስ ብላ። “እኩያሽ ናት ብዬ።”

አፈርኩ። የማፍረው ለምን እኔ እንደሆንኩ ዛሬም አይገባኝም፤ እንደዚያ ቀን ግን አፍሬ አላውቅም። ያደግሁት እኔ ነኛ፣ ሳላስፈቅድ። እናቴ የራሷን ነጠላ አውልቃ ወገቤ ላይ አሰረችልኝ፣ ትንሽ ይሸፍን እንደሆነ።

ከሕፃናቱ ረጅሟ እኔ ስለነበርኩ ቦታዬ ከኋላ ነው፤ መሪ ስለሆንኩ ግን ወደ ፊት መውጣት ግድ ሆነ። ማይክሮፎኑ ፊት ስቆም አንድ ዘዴ መጣልኝ። ጉልበቴን ትንሽ አጠፍኩ። ጉልበት ሲታጠፍ ቀሚስ ይረዝማል። እንደዚያው እንደታጠፍኩ፣ ጭኔ እየተንቀጠቀጠ፣ መዝሙሩን ጀመርኩ። መምህራችን ያመመኝ መስሏቸው ከጎን “ቀጥ በይ፣ ቀጥ በይ” ይሉኛል። ሁለተኛው አዝማች ላይ አቃተኝና ቀጥ አልኩ። ፊት ወንበር ላይ ያሉት ሴቶች ተያይተው ሳቁ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም።

ዘምረን ስንጨርስ መምህራችን ማይክሮፎኑን ያዙ። ደግ ሰው ናቸው፣ ደስ ብሏቸዋል። “ይህችን ልጅ ተመልከቱ! በአንድ ዓመት እንዴት እንደተመነደገች! ቀሚሷ እንኳ አልቻላትም። ላሳደገልን አምላክ እልል በሉ እንጂ!”

አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። እናቴን ፈለግኋት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ እሷም እልል ትላለች፣ እንባዋ እየወረደ። ነጠላዋ እኔ ወገብ ላይ ስለነበር ፊቷን የምትሸፍንበት አልነበራትም። ልታለብሰኝ ስትነሳ አንዲት ሴት ክንዷን ያዝ አድርጋ፣ “ምነው፣ ሳታያት አደገችብሽ እንዴ?” ብላ ቀለደችባት። እናቴ ፈገግ ለማለት ሞከረች።

መድረኩ ላይ ልብሱን ከፍ አድርጋ ያዘችው፤ በራሴ ማሳለፍ ግን አቃታት። “ጎንበስ በይ” አለችኝ። ጎንበስ አልኩላት። ልብሱ ፊቴን ሲጋርደው፣ ከውጭ እልልታው እየቀለጠ፣ ድምጿ ጆሮዬ ሥር መጣ።

“ባለፈው እዚህ ጋ ነበርሽ” አለችኝ። ራሴ ከልብሱ ሲወጣ እጇን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ነበር። “እዚህ ጋ ነበርሽ እኮ።”

“ጥለቱ ያምራል፣ እማ” አልኳት። ሌላ የሚባል ነገር አልመጣልኝም። የመዘምራኑ ልብስ እስከ እግሬ ወርዶ ሁሉንም ሸፈነው።

አስር ሰዓት ሳይሞላ ሄደች። ቀሚሱን “ላስረዝመው” ብላ በፌስታል ይዛው ተመለሰች። እኔ አልጠየቅኋትም፣ እሷም አላነሳችውም። ከዚያ ወዲህ የገዛችልኝ ልብስ ሁሉ ግን ሰፊ ነበር፤ ሱሪውን አጥፌ፣ እጅጌውን ጠቅልዬ ነው ያደግሁት።

እናቴ አሁን ደሴ ገብታለች። ባለፈው እረፍት ወጥቼ ልጠይቃት ስሄድ አዲስ ስልክ ይዤላት ነበርና፣ ከአሮጌው ፎቶዎቿን ሳዛውር አንዱ ላይ ጣቴ ቆመ። የማዳም ቤት ደረጃ ነው። አንዲት ልጅ እጆቿን ዘርግታ ትስቃለች፣ የኔን ቀሚስ ለብሳ። እጅጌው አንጓዋ ላይ ደርሷል፤ አረንጓዴና ወርቃማው ጥለት እግሯ ላይ ተነጥፏል። ከስንት ዓመት በኋላ ፊቷን ያኔ አየሁት።

እናቴ መነጽሯን አድርጋ በትከሻዬ በኩል አጮለቀች።

“ላጥፋው?” አልኳት።

“ተዪው” አለች። “ልብሱን ላይበት ነው።”

አላጠፋሁትም። ልክክ ብሎላታል።