የአግዳሚው ወንበር የታችኛው ፊት

የወሰዱኝ እጄ በዘይት እንደራሰ ነው። ከአገር ወጥተን በምንኖርባት የወደብ ከተማ፣ ካርቲየ 4 በሚሉት ሰፈር፣ ቤታችን ደጃፍ ላይ የአንድ ምግብ ቤት በር በሁለት በርሜል ላይ አጋድሜ የተልባ ዘይት እየቀባሁ ነበር። ሁለት ሰዎች ከመኪና ወርደው ስሜን ጠሩ።

«ቡርሹን ልጠበው፤ ከደረቀ ሁለተኛ አይሠራም» አልኳቸው።

አንደኛው ቡርሹን ከእጄ ተቀብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው። አልወረወረውም፤ አስቀመጠው። ልጄ ትምህርት ቤት ነበረች። ቤቱን እንዳልቆለፍኩ፣ ምስር እንደጣድኩ የነገርኳቸው መኪናው ከተነሣ በኋላ ነው። ምስሩ ሲያርርና ቤቱ ሲቃጠል እየታየኝ ሄድኩ።

ያስገቡኝ ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ግድግዳው በባሕር ጨው ተልጧል። ከላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ የወደቡ ክሬን ሲንቋቋ ይሰማል፤ የጭነት መኪኖች ጥሩምባ ይሰማል፤ ነፋስ ግን አይገባም። ጥግ ላይ አንዲት ወጣት ሴት ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣ ነበር። ስገባ ተነሥታ ቦታዋን ለቀቀችልኝ።

«እትዬ፣ እዚህ ይሻልዎታል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ያኛውን ግድግዳ ነው የምትይዘው።»

የሰው ቤት ሠራተኛ ናት፤ አሠሪዎቿ ቤት ውስጥ ነበር የምትኖረው። አገር ቤት ሰልፍ ላይ የተነሣ ቪዲዮ በስልኳ ለጓደኞቿ ልካ ነው የያዟት። «ምን እንደሚል እንኳን እስከ መጨረሻው አላየሁትም፤ ማዳም ጠራችኝ» አለችኝ። ወሎ ያሉት እናቷ ደመወዝ ሲደርሳት ብቻ ስለምትደውል መታሰሯን አያውቁም።

እኔን የሚጠይቁኝ ስለ ባለቤቴ የአክስት ልጅ ነበር። ባለቤቴ አናጢ ነበር፤ ከሞተ ቆይቷል። ያ ዘመዱ አገር ቤት በፖለቲካ ይፈለጋል የተባለ ሰው ነው፤ እኛ ዘንድ ሰንብቶ ሄዷል። የት እንደሄደ አውቅ ነበር። አላውቅም አልኩ። እኔ ፈሪ ሴት ነኝ፤ ስጠየቅ ተቀምጬ እንድመልስ እለምናቸው ነበር። ግን አላውቅም አልኩ።

ውኃ የሚያመጣልን አንድ ሽማግሌ ጠባቂ ነበር። ወጣትነቱን ባቡር ጣቢያ ሲሠራ ያሳለፈ፣ አማርኛን ከድሬዳዋ ሰዎች የተማረ ሰው ነው። አንድ ቀን ባልዲውን እያስቀመጠ ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

«ወላሂ፣ ያቺ ልጅሽ አፏ አያርፍም። በየቀኑ መጥታ በሩ ላይ አግዳሚው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። የለችም ሲሏት ትጮሃለች። ገድላችኋት ነው ትላለች። ሼፉ ‹ደግማ ከጮኸች አስገቧት› ብሏል።»

ሼፍ የሚሉት አለቃቸውን ነው።

«አባባ፣ በእናትህ፣ ደህና ናት በላት። እናትሽ ዝም በይ ብላለች በላት።»

«አልችልም፤ እኔም ልጆች አሉኝ» አለና ባዶውን ባልዲ ይዞ ወጣ።

ከዚያ በኋላ እህል አልወርድ አለኝ። ልጄን አውቃታለሁ። አባቷ ሲሞትም አስከሬኑን ካላየሁ አላምንም ያለች ልጅ ናት። ስለ እኔ የሚነግራት ካላገኘች ዝም አትልም፤ ዝም ካላለች ደግሞ እዚያ ቆርቆሮ ሥር ያስገቧታል።

በማግሥቱ ጠዋት ሼፉ አስጠራኝ። አንድ ትልቅ ሰው ሊጎበኝ ስለሚመጣ የበሩ አካባቢ ይጸዳል ተብሏል። አግዳሚውን ወንበር ከውጭ አምጥተው ግቢው ውስጥ አስቀምጠውታል። ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከድሮ የባቡር ፉርጎ ሳንቃ የተሠራ ጥሩ እንጨት ነው፤ ፀሐይና ጨው አመድ አስመስሎታል፤ ስንጥሩ ወጣ ወጣ ብሏል። የልጄን ቀሚስ ይዞ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

«እንጨት ቀቢዋ አንቺ ነሽ?» አለ ሼፉ። «መንግሥት መገልበጡ ሲደክማችሁ ወንበር ትቀባላችሁ አሉ።»

ጠባቂዎቹ ሳቁ። እኔ ጣሳዎቹን አየሁ። ቬርኒሽ አለ፣ የተልባ ዘይት አለ፣ ጥቁር ቡናማ ማቅለሚያ አለ፣ ማቅጠኛ አኳራጅም አለ።

«የሚያብረቀርቀውን አድርጊበት።»

«ቬርኒሽ ለቤት ውስጥ ነው፣ ሼፍ። እዚህ ፀሐይ ላይ ተሰነጣጥቆ ይላጣል። ዘይቱ ይሻላል። ማቅለሚያው ትንሽ ከገባበት ፀሐይም ይችላል።»

«ለመቀመጫ ነው፣ ለሠርግ አይደለም። የፈለግሽውን አድርጊ፤ ነገ ቦታው ይመለስ።»

ብቻዬን አልችለውም፣ ክፍል አብራኝ ያለችው ልጅ ታግዘኝ አልኩ። እጁን አወዛውዞ ገባ። ሽማግሌው ሊጠብቀን ቀረ።

መጀመሪያ በውኃ አጠብነው። በእኛ ከተማ እንጨት ዘይት ከመጠጣቱ በፊት ጨውን መልቀቅ አለበት፤ ጨው ውስጡ ከቀረ እርጥበት ይስባል፤ ዘይቱም አይይዝም። ፀሐይ ላይ ደረቀ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ጥላ ጎተትነውና እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን፤ የጋለ እንጨት ላይ ዘይት ላዩን ብቻ ይደርቅና ሙጫ ይሆናል። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግነው። ከዚያ ገለበጥኩት።

«ሆዱን ለምን?» አለ ሽማግሌው። «ማን ያየዋል?»

«እርጥበት በታች ነው የሚገባው፣ አባባ። እኛ ቤት ከታች ነው የሚጀመረው።»

ይህ እውነት ነው። ባለቤቴ በሕይወት እያለ የጠረጴዛና የወንበር ሆድ የልጄ ሥራ ነበር። ትንሽ ስለነበረች ካርቶን ላይ በጀርባዋ ተኝታ ሥር ትገባና ትቀባለች፤ ዘይቱ ግንባሯ ላይ ይንጠባጠባል። ከዚያ ወዲህ የትም ቦታ ስትቀመጥ እጇ ወደ መቀመጫው ሥር ይሄዳል። ቤተ ክርስቲያንም ይሄዳል፣ ሐኪም ቤትም ይሄዳል። «ይሄን ሥር ያልቀባ ሌባ ነው» ትለኛለች በሹክሹክታ። አንድ ጊዜ የሰው ማስቲካ ነክታ ስትጮህ ነርሷ ደንግጣ መጥታለች። ስንት ጊዜ ተቆጥቻታለሁ።

ይህን ለልጅቷ ዘይቱን እያማሰልኩ በቀስታ ነገርኳት። ቡርሹን አንሥታ ከግራ በኩል ጀመረች። ቤት ስትወለውል እንደምታደርገው ወዲያና ወዲህ፣ የእንጨቱን መስመር እያቋረጠች ትቀባለች።

«እንደሱ አይደለም፣ ልጄ። መስመሩን ተከትለሽ ሳቢው፤ የተረፈውን በጨርቅ ጥረጊው። አለበለዚያ እንደዚያው ተጋግሮ ይቀራል።»

«እሺ» ትላለች። ትንሽ ቆይቶ ክንዷ ራሱ ይመለሳል፤ ወዲያና ወዲህ።

«የማዳም ወለል መሰለሽ?»

«ምን ላድርግ እትዬ፣ ክንዴ ሌላ ነገር አያውቅም» ብላ ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። ከዚያ ሳትቆም እየቀባች ጠየቀችኝ።

«የእርስዎን ልጅዎ ትነካዋለች። የኔንስ ማን ይነካዋል?»

«የተቀመጠ ሁሉ ይነካዋል» አልኳት። መልስ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። በጨርቅ ልጠርግላት እጄን ወደሷ በኩል ዘርግቼ ነበር፤ መለስኩት። የሷ ግማሽ እንደሷ ሆኖ ቀረ።

ቀጥሎ ላዩን ሠራን። የተቆረጡትን ጫፎች ደጋግሜ አጠጣኋቸው። ዘይት የነካውን ጨርቅ ተጠቅልሎ እሳት እንዳይፈጥር ገመድ ላይ ዘረጋሁት። ሼፉ ወጥቶ አየ። «በቃ፣ ግቡ» አለ።

ቡርሹ እጄ ላይ ነበር።

«ቡርሹን ሳላጥብ አልገባም» አልኩ።

ድምፄ እንደ ሁልጊዜው ቀጭን ነበር። ሼፉ አየኝ። ልጅቷ የራሷን ቡርሽ ይዛ አጠገቤ መጥታ ቆመች። እኛ ቆምን፣ እሱም ቆመ። በመጨረሻ ሽማግሌው ማንንም ሳይጠይቅ አኳራጁን አምጥቶ እግሬ ሥር አስቀመጠ። ጎንበስ ብዬ አጠብኩ፤ የሷንም አጠብኩ። ጸጉሩን በጣቴ አስተካክዬ ግድግዳው ላይ አስደገፍኳቸው። ከዚያ በራሳችን እግር ገባን።

በማግሥቱ ጆሮዬን ወደ ቀዳዳው አቅንቼ ዋልኩ። ጩኸት አልነበረም። ሽማግሌው ውኃ ሲያመጣ እየፈራሁ ዓይኑን አየሁት።

«መጣች» አለ። «ተቀመጠች። የለችም ሲሏት እሺ ብላ ሄደች።»

ገብቷት ይሁን ተስፋ ቆርጣ፣ እሱም አያውቅም። በየቀኑ ጠየቅኩት። ትመጣለች፣ ትቀመጣለች፣ ሳትጮህ ትሄዳለች። ለእኔ ይህ በቂ ነበር፤ አልያዟትም።

ልጅቷን አንድ ጠዋት ጠሯት። ጫማዋን እንኳን አላደረገችም፤ የምትመለስ መስሎኝ ቦታዋን ጠበቅኩላት። ነጠላ ጫማዋ በሩ አጠገብ ሰነበተ። ሽማግሌውን ስጠይቀው አላውቅም እንደማለት ራሱን ነቀነቀ። ወደ ድንበር ወስደው መልሰዋት ይሁን፣ ሌላ ቦታ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ማዳሟ ቤት የሚያደርሰኝ አድራሻም፣ የእናቷም ስልክ የለኝም። ክፍሉ ውስጥ ሆኜ እሱን ሳልጠይቃት የቀረሁት ነገ አለ ብዬ ነው።

እኔን የለቀቁኝ እንደወሰዱኝ ነው፤ ምክንያት አልነገሩኝም። ልጄ ስታየኝ አላለቀሰችም። እጄን ያዘችና ጣቶቼን አሸተተች።

«ዘይቱን አውቄዋለሁ» አለችኝ። «እጄን ስሰድ ታቹ ተቀብቷል። እስከ ጠርዙ ድረስ ተጠርጓል። ማን እንዲህ ያደርጋል? ሻሼ የወደቀብኝ አስመስዬ ጎንበስ ብዬ አየሁት።»

«ከዚያስ?»

«ግማሹ ግን ያንቺ እጅ አልነበረም። ሻካራ ነው፣ መስመሩን ያቋርጣል። እማዬ ብቻዋን አይደለችም፣ አብሯት ሰው አለ አልኩ። የዚያን ቀን እንቅልፍ ወሰደኝ።»

ስለ ልጅቷ ነገርኳት። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

አሁን ያ የእስር ቤቱ በር ታድሷል፤ የሚጠብቁ ሰዎች የፕላስቲክ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። አግዳሚውን ከፍርስራሽ ጋር አጥሩ ሥር ጥለውት ልጄ አየችው፤ ወደብ የሚሠራ ጎረቤታችን በጋሪ አመጣልን። ደጃፋችን ላይ ከዳሱ ሥር ነው ያለው። በየዓመቱ ካምሲን የሚሉት የሐምሌ ነፋስ ሲያልፍ አጥበዋለሁ፣ አደርቀዋለሁ፣ እቀባዋለሁ። ልጄ ትልቅ ሰው ሆናለች፤ አሁንም ካርቶን አንጥፋ ሥር ትገባለች። በቀኝ በኩል ያለውን ትቀባና ግራው ጋ ስትደርስ ትቆማለች። ያ ግማሽ ዘይት እየጠማው ነው፤ አውቃለሁ፣ እንዲህ ከቆየ እርጥበት ይገባዋል። ላስነካው ግን አልቻልኩም።

ማታ ማታ ሥራ ስጨርስ በዚያ በኩል እቀመጣለሁ። እጄን ወደ ታች እሰዳለሁ። ወዲያና ወዲህ ነው፤ እንደተወችው አለ።