«የመንደሬን ስም ጥራ»

ይህ የሆነው ባለፈው ፎል፣ ቅጠሉ ሲረግፍ፣ እዚሁ ኦሃዮ ኮለምበስ ነው። ለሰው ሳወራው ትንሽ ነገር ይመስላል። እኔ ግን ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው እናት በሰው ፊት ቆመው «አልቀመጥም» ሲሉ አጠገባቸው ነበርኩና እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም።

ሥራዬ አረጋውያንን ወደ መዋያ ማዕከል በቫን ማመላለስ ነው። ከሚነርቫ ፓርክ ሰፈር ከማነሣቸው አንዷ እማማ ኤቴሪ ናቸው። የጆርጂያ ሰው ናቸው፤ የአሜሪካዋ ሳትሆን የድሮዋ የሶቭየት ጆርጂያ። እንግሊዝኛቸው ደካማ ነው። እኔ በወጣትነቴ ሶቭየት ኅብረት ስለተማርኩ በሩሲያኛ እናወራለን። «የሩሲያኖቹን ቋንቋ አልወደውም፤ ግን ካንተ ጋር አገናኘኝ» ይሉኛል።

ብዙ ጊዜ የሚያወሩኝ ስለ ወንድማቸው ነው። ሩሲያና ጆርጂያ ከተዋጉ በኋላ የሩሲያ ወታደሮች በመንደራቸው የሽቦ አጥር አጠሩ። የወንድማቸው ቤት ከሽቦው ወዲህ፣ የፖም ማሳው ወዲያ ማዶ ቀረ። ፖሙን ሊለቅም ሲሻገር ይዘው አሰሩት፤ በኋላ ለቀቁት። የአውሮፓ ታዛቢዎች እየመጡ አጥሩን ያያሉ፤ ማዶ ግን መሻገር አይፈቀድላቸውም።

አንድ ቀን እማማ ኤቴሪ፣ «ስለዚያ ድንበር የሚናገር አውሮፓዊ ዲፕሎማት መጥቷል፤ ውሰደኝ» አሉኝ። ያን ቀን ከሥራ ኦፍ ስለነበርኩ በራሴ መኪና ኢስተን አካባቢ ወዳለው አዳራሽ ይዣቸው ሄድኩ።

ዲፕሎማቱ ረጋ ያለ ሰው ነው። ከሩሲያ ጋር ስለሚደረገው ንግግርና ስለ ታዛቢዎቹ ሥራ ብዙ ተናገረ። አጥሩን ግን አንድም ጊዜ አጥር አላለውም፤ «አስተዳደራዊ መስመር» ነው የሚለው።

ጥያቄ ሲፈቀድ እማማ ኤቴሪ ተነሡ። እኔም ልተረጉም አብሬ ቆምኩ።

«ወንድሜ በገዛ ማሳው ተያዘ። እናንተ ከሩቅ በመነጽር አያችሁ። ያያችሁትን ምን አደረጋችሁበት?» አሉ።

ዲፕሎማቱ ሁኔታው ውስብስብ መሆኑን አስረዳ። «ንግግሩ እንዳይቋረጥ ቃላት መምረጥ አለብን» አለ።

«እናንተ ቃላት ስትመርጡ ሽቦው ወደ እኛ ገባ» አሉት።

ቃላቸው ከአፌ ሳይወጣ መድረኩን የምትመራው ሴት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። ሩሲያኛውን ባትሰማም ቁጣቸው ገብቷታል። «ፕሊስ፣ ሶፍት፣ ለስለስ አድርገው። ቁጭ እንዲሉም ንገራቸው» አለችኝ።

እንደዚያ ባለ ሕዝብ ፊት ተናግሬ አላውቅም። «እኔ የመጣሁት ልተረጉም ነው፤ ልቀንስ አይደለም» አልኳትና ያሉትን አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ።

እማማ ኤቴሪ ግን አልጨረሱም፤ ቁጭ በሉ መባላቸውም ገብቷቸዋል። «አልቀመጥም። መንደሬ ስም አላት። ስሟን ጥራና እቀመጣለሁ» አሉት።

ዲፕሎማቱ ትንሽ አመነታና፣ «ማን ትባላለች?» አለ።

«ቫሽላና።»

ደገመው፤ ተሳሳተ። እማማ ኤቴሪ አረሙት። በማይኩ እንደገና ጠራትና፣ «ቫሽላና ውስጥ አጥር አለ። ሰዎችን ከማሳቸው ለይቷል» አለ። አጥር ብሎ ጠራው። እማማ ኤቴሪ ተቀመጡ።

ስንወጣ ዲፕሎማቱ በሩ ላይ ጠበቀን። «ወንድምዎ ወደ ማሳው ይመለሳል ብዬ ቃል ልገባልዎ አልችልም» አለ።

«ቃል አልጠየቅኩህም» አሉት። እጁን ግን ጨበጡት።

በሳምንቱ ለወንድማቸው በስልክ ሲነግሩት ስቆ፣ «ታዲያ ፖሙን ማን ይልቀምልኝ?» አላቸው። እውነቱን ነው። ሽቦው ዛሬም እዚያው ነው፤ እኛ ኦሃዮ ላይ ስለተናገርን የተነቀለ የአጥር እንጨት የለም።

ቢሆንም አልቆጭም። እኔ የተማርኩት ሰው ቃሉን ሦስቴ መዝኖ በሚናገርበት በሶቭየት ዘመን ነው፤ ከእሱም በፊት አገር ቤት ያደግኩት እንደዚያው ነው። ዝም ማለትን አውቅበታለሁ። ያን ቀን ግን ዝም ብል ኖሮ ከእማማ ኤቴሪ ጋር እንዴት ዓይን ለዓይን እንተያይ ነበር እላለሁ። ነገም ውሰደኝ ካሉኝ እወስዳቸዋለሁ፤ ያሉትንም እንዳሉት እናገራለሁ። ደስ የማይለው ይቆጣ።