በሆዷ የቀረው ክር

ታናሽ እህቴ ሴት ልጇን አማን ሆስፒታል በኦፕራሲዮን ወለደች። ከቴፒ ይዘናት ስንሄድ ምጡ ጸንቶባት ስለነበር፣ እናትና ልጅ በሕይወት መውጣታቸውን ብቻ ነበር የማስበው። በምን ክር እንደተሰፋች ማን ይጠይቃል?

ክሩ ሐር ነበር። ከውስጥ የሚሰፋበት ክር ሰውነት ቀስ በቀስ የሚያሟሟው ዓይነት መሆን ነበረበት አሉን፣ በኋላ። በዚያ ሰሞን ግን አልቆ ነበር፤ ደም እየፈሰሰ ደግሞ ዕቃ እስኪመጣ አይጠበቅምና በተገኘው ሰፏት። የሰፋትን ሰው አልወቅስም። ያንን ክር በጊዜው ያላስመጣውን ግን፣ ማን እንደሆነ ባላውቅም፣ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

ከእምብርቷ በታች የወረደው ጠባሳ መጀመሪያ ላይ ያምር ነበር። «ከቀሚሴ ስፌት ይሻላል» ብዬ ቀለድኩባት። ክረምቱ ሲገባ ግን ጫፉ ላይ እንደ ብጉር ያለ ነገር ወጣና ፈርጦ መግል አፈሰሰ። መርፌ ተወግታ ደረቀላት፤ ደስ አለን። ብዙም ሳይቆይ ከጎኑ ሌላ ፈነዳ።

እዚያው ቴፒ ቁስሏን የምታጥብላትን ነርስ «ሲስተር፣ ለምንድነው የማይድነው?» አልኳት።

«ክሩ ግምድ ነው። ጀርሙ በግምዱ መሃል ይደበቃል፤ መድኃኒቱ በደንብ አያገኘውም። ክሩ ካልወጣ ከላይ ቢደርቅም ከውስጥ ያመረቅዛል» አለችኝና በመቆንጠጫ አንድ ጥቁር ቋጠሮ ስባ አወጣች። እህቴ ጥርሷን ነክሳ «አለቀ?» አለች። አላለቀም ነበር።

እሷን ግን ከሕመሙ ይልቅ ያንገበገባት ልጇን ማዘል አለመቻሏ ነው። የአንቀልባው ማሰሪያ ወገብ ዞሮ የሚያርፈው ልክ ቁስሏ ላይ ነው። አንዴ ሞክራ መግሉ በቀሚሷ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ልጅቷን የማዝላት እኔ ሆንኩ። ገበያ ስሄድ፣ የተሰጣውን ቡና ሳገላብጥ፣ ጀርባዬ ላይ ናት። እህቴ አልጋዋ ላይ ሆና እሹሩሩ ትላለች፤ ልጅቷ እኔ ጀርባ ላይ ትተኛለች።

«ቁስሌ ይድረቅልኝ እንጂ፣ አዝያት ስዞር ነው የምውለው። ያኔ ማን ይችለኛል!» ትለኝ ነበር።

«ያኔ ወገቤም ያርፋል» እላታለሁ። ዓይኗ ላይ ቅናት ይታየኝ ነበር፤ አይፈረድባትም።

ኦርቶዶክሷ ጎረቤታችን ጸበል አመጣችልን፣ ጴንጤዎቹ መጥተው ጸለዩልን፤ ሁሉንም በደስታ ተቀበልን። ሐሩ ግን ከነቋጠሮው እዚያው ነበር። ቤቱ መግል መግል ይሸት ጀመር። ዝናቡ መንገዱን አጨቅይቶት አማን መመለስ በራሱ መከራ ሆነ። ተስፋ የቆረጥኩት ከእሷ በፊት እኔ ነኝ።

በመጨረሻ፣ ሁለተኛው ክረምት አልፎ መንገዱ ሲከፈት፣ የአማኑ ሐኪም እንደገና ከፍቶ የቀሩትን ቋጠሮዎች ለቀመላት። ቁስሉ ደረቀ፤ አልተመለሰም።

መድረቁን ባረጋገጠች ቀን አንቀልባውን ይዛ ወደ ግቢው ወጣች። ፊቷ በርቶ ጎንበስ አለችና «ነይ የኔ እናት፣ ልዘልሽ» አለቻት። ልጅቷ መራመድ ከጀመረች ቆይታለች። ቀሚሴን ይዛ ከኋላዬ ተደበቀች። «ሂጂ እንጂ፣ እናትሽ እኮ ናት» ብዬ ገፋ አደረግኳት። አለቀሰች። እጆቿን ወደ እኔ ዘርግታ «እማዬ!» አለች።

እህቴ እንዳጎነበሰች ቆየች። ከዚያ አንቀልባውን አቀበለችኝ።

«በቃ፣ አንቺው እዘያት» አለችና ወደ ቤት ገባች።