ኦረስት ለማክሬ የቆረጠው ዋጋ

ኦረስት ሃናስ በመንደሩ የበረዶ ሆኪ ሜዳ በረዶውን የሚያስተካክለውን ማሽን መንዳት ከጀመረ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን አንዲት ጎል አላገባም፤ የጎል አግቢዎችን ዋጋ ግን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ይህን የሚለውም ራሱ ነው።

ጠዋት ጠዋት የሰፈሩ ሰዎች ሜዳው መግቢያ ላይ ባለው ቡና ቤት ተሰብስበው ዳይስ ይጥላሉ፤ የተሸነፈ የሁሉንም ቡና ይከፍላል። የዚያ ሰሞን ወሬያቸው የሚደግፉት ቡድን ሁለት አጥቂዎች ነበሩ። ማክሬ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ በዓመት ሰባት ሚሊዮን ዶላር ይወስዳል፤ አሁን ደግሞ የሦስት ዓመት ውል አምጡ ብሏል። ሊንድቫል የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነው፤ በሁለት ሚሊዮን ተኩል ያንኑ ያህል ጎል ያገባል።

«ለማክሬ ሦስት ዓመት? ያበደ ነው የሚሰጠው!» አለ ኦረስት ጠረጴዛውን እየደበደበ። «ጉልበቱ አልቋል። አንድ ዓመት፣ ክፍያውም ተቀንሶ! ለትናንት ጎል ዛሬ አይከፈልም!»

«ዋንጫ አምጥቶልን የለ እንዴ?» አለ ገበሬው ኤልመር።

«እንግዲያው እጁን ጨብጠህ አመስግነዋ! ምስጋና በነፃ ነው።»

የመንደሩ ከንቲባ ሊዮና አጠገባቸው ቡናዋን እየጠጣች ትሰማለች።

ሐሙስ ከሰዓት የመንደሩ ምክር ቤት የኦረስትን ውል ለማደስ ተቀመጠ። ኦረስት ስልሳ ሁለት ሞልቶታል፤ ጡረታው እንዳይጎድልበት ሦስት ዓመት የግድ ያስፈልገዋል። ሚስቱ በርኒስ ሸሚዙን ተኩሳ፣ «ስለ ሆኪ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ!» ብላ ለምናው ነበር። ምስኪን፣ ዘግይታለች።

«ጉልበትህ እንዴት ነው?» አለችው ሊዮና።

«ደረጃ ላይ ትንሽ ይይዘኛል» አለ ሞኙ።

«ከጎረቤት መንደር አንድ ሰው በግማሽ ደመወዝ እሠራለሁ ብሎናል።»

«በአርባ ዲግሪ ብርድ አንድ ቀን ቀርቼ አውቃለሁ?»

«አታውቅም» አለችና ተነሥታ እጁን ጨበጠችው። «እናመሰግናለን፣ ኦረስት። አንድ ዓመት፣ ተቀንሶ።»

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል፤ ቁናውን ራሱ ሠርቶ፣ ተሸክሞ ለሰፋሪው ያስረከበ ግን እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ኮቱን አንሥቶ ወጣ።

በማግሥቱ ኤልመር ጋዜጣውን እያውለበለበ ገባ። «ማክሬ ሦስት ዓመቱን አገኘ! በል እንግዲህ ጠረጴዛውን ደብድበው!»

ሁሉም ዞረው አዩት። ኦረስት ዳይሱን ጣለ።

«ይገባዋል» አለ። «ሰውዬው ጉልበቱን የጨረሰው እዚያው በረዶ ላይ ነው።»