ጀዶ የሰፉት ነጠላ

እዚህ ዓረብ አገር እሑድ እሑድ ለሐበሻ ልጆች ፊደል የማስተምርበት የባውሽሪዬ ሰፈር አዳራሽ ሥር አንድ ልብስ ሰፊ አለ። ዛሬ ሱቁ ተዘግቶ ሳለ የስፌት መኪናው ሲንኳኳ ሰማሁ። ደረጃው ላይ ቆምኩና ጀዶን አስታወስኩ።

ጀዶ ማለት በዓረብኛ አያት ነው፤ የማዳሜን አባት ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንጠራቸው። ሲን ኤል ፊል ሰፈር ሰው ቤት ስሠራ እሳቸውን የምንከባከበው እኔ ነበርኩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የወንድ ሱፍ ሲሰፉ ኖረዋል። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ልጃቸው የስፌት መኪናቸውን ሸፍና በረንዳ ላይ አስቀመጠችው።

አንድ የመጸው እሑድ የጓደኛዬን የአልማዝን ልጅ ክርስትና ላነሳ ነበር። ካረፈድኩ ሌላ ሴት ታነሳታለች። ነጠላዬን ቅዳሜ አጥቤ በረንዳው ላይ አስጥቼው ነበር፤ ጠዋት ስነሳ ተተኩሶና ተጣጥፎ ወንበር ላይ አገኘሁት። ዘረጋሁት። ዘርፉ የለም።

ለማያውቅ ላስረዳ፤ የነጠላ ጫፍ ላይ ድሩ ብቻ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ እሱም በጣት እየተፈተለ ይቋጫል። ለእኛ ጌጥ ነው። ለሱፍ ሰፊ ግን ያላለቀ ሥራ ነው። ጀዶ ዘርፉን በሁለቱም ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፈው፣ በጥቃቅን ስፌት ዘግተውታል።

“ማነው እንዲህ ሳይጨርስ የሸጠልሽ? ተጫውቶብሻል” አሉኝ ኮራ ብለው።

“ጀዶ፣ እንደሱ ነው የሚለበሰው።”

የዘጉትን ጫፍ በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ምላጭ አነሱ።

“እኔ ልተርትረው፣ ቫኑ ያመልጠኛል።”

“ያላ፣ ቁጭ በይ። እኔ የሰፋሁትን እኔ እፈታለሁ። ስስ ነው ያኒ፣ ትቀጂዋለሽ።”

ምላጩ ይንቀጠቀጣል። አንዷን ክር መዝዘው እፍ ይሏታል፤ ከዚያ ሌላዋን ይፈልጋሉ። ለቁርስ ያቀረብኩት የዘዕተር ማናኢሼ ቂጣ ሳይነካ ቀዘቀዘ። ውጭ የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ያካፋል፤ የምሳፈርበት፣ ወደ ዶራ የሚወርድ ቫን ጥሩምባ በነፋ ቁጥር እነሳለሁ፣ “ቁጭ” ይሉኛል። አንዱ ጫፍ ተፈትቶ ወደ ሌላው ሲዞሩ አላስቻለኝም።

“ኸላስ ጀዶ፣ ይበቃል፣ ያኛውን ወደ ውስጥ አድርጌ እለብሰዋለሁ። እዚያ ስፌት የሚያይ የለም።”

“አንድ ልብስ ሰፊ አይጠፋም” አሉ።

ነጠላውን ከእጃቸው ሳብኩና ሮጥኩ። ቫኑ ውስጥ የተፈታውን ዘርፍ ጭኔ ላይ እየፈተልኩ ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ቄሱ ሕፃኗን ታቅፋ ወደ ቆመች ሌላ ሴት ዞረው ነበር።

“መጣች አባ” አለች አልማዝ፤ ወደ እኔም ዘንበል ብላ፣ “ደረጃው ላይ ናት እያልኩ ስዋሽ አንቺ የት ነሽ?” አለችኝ። ሕፃኗን ተቀበልኩ።

ወደ ማታ ቤት ስገባ ጀዶ ስለ ክርስትናው አልጠየቁኝም። እዚያው ወንበራቸው ላይ ነበሩ። “አመጣሽው?” ብለው ለቀረው ጫፍ እጃቸውን ዘረጉ።

ዛሬ እሳቸው የሉም። የክርስትና ልጄ ክፍሌ ውስጥ ፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች። “ሐ”ን ጽፋ፣ ስላልወደደችው አጥፍታ እንደገና ትጀምራለች። እርሳሱን ተቀብዬ ልጽፍላት እጄ ይቁነጠነጣል። ያን ቀን ባልቸኩል ኖሮ የእኔ ልጅ አትሆንም ነበር፤ ይህን አውቃለሁ። ቢሆንም እጄን ጀርባዬ ላይ አጣምሬ እቆማለሁ፤ ሌሎቹ ልጆች “ቲቸር፣ ቀጥይ እንጂ” ይሉኛል።