ጥይቱን ለእናቴ ይሰጣት ነበር

አባቴ የጎረሰ ጠመንጃ ይዞ የቤታችንን ደፍ ተሻግሮ አያውቅም። ከገበያ ሲመለስም፣ ከዳኛ ፊት ውሎ ሲመጣም፣ ዝናብ እያበሰበሰውም ቢሆን መጀመሪያ ከድንጋይ አጥሩ ጥግ ይቆማል። አፈሙዙን ወደ መሬት ይደፋል፤ ብረቱን ወደ ኋላ ይስባል፤ ተስፈንጥራ የምትወጣውን ጥይት በመዳፉ ይቀበላል። በዚያ አይበቃውም። ትንሿን ጣቱን ጥይቷ ከነበረችበት ቀዳዳ አስገብቶ ይዳብሳል። ዓይኑን አያምንም ነበር። ከዚያ «እንቺ፣ ተቀበይ!» ብሎ ይጣራል። እናቴ ከያዘችው ሥራ ተነሥታ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ትወጣና መዳፏን ትዘረጋለች። ጥይቷ ከጎታው ጀርባ ካለው ሙዳይ ትገባለች፤ ጠመንጃው ምሰሶው ላይ ካለው ኩላብ ይሰቀላል። ጠመንጃው የእሱ ነው፤ ጥይቱ የእሷ።

ስለዚህ እኛ ቤት ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ጠመንጃ ባዶ ነው። ይህን እንደ ጸሎት ያስተማረን የለም። ውኃ ቁልቁል እንደሚወርድ ማን ያስተምራል?

ጎረቤት ግን ይስቅበት ነበር። እኛ የነበርነው ስማዳ ነው፤ ከወገዳ ብዙም ሳንርቅ። የአገሩ ወንድ ጠመንጃውን አጉርሶ ከራስጌው ነው የሚያስተኛው። «ሽፍታ ሲመጣበት፣ ሚስቴ ጥይት እስክትፈልግልኝ አንድ ጊዜ ቆየኝ ሊለው ነው?» ይላሉ። አባቴ አብሮ ይስቃል። ምንሽሩን በጣሊያን ጊዜ በዱር ይዞት የዋለ ሰው ነው፤ ፈሪ ነው የሚለው አልነበረም። በዱር ያየውን ነገር ለማንም አላወራም፤ ለእኛም። ዛሬ ሳስበው የሚያናድደኝ ይኸው ነው። ማድረጉን በየቀኑ አሳየን፤ ለምን እንደሚያደርገው ግን አንድ ቀን እንኳ አልነገረንም።

ሦስት ነበርን። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው እንደሚሉት፣ ታላቅ እህቴ ሳቂታ፣ ወንድሜ ዝምተኛ፣ እኔ የመጨረሻዋ ግትር። እህቴ የተዳረችው ወደ እስቴ ነው፤ ከመካነ ኢየሱስ ወዲህ ካለ አገር። የሙሽራው አጃቢዎች እየተኮሱ፣ እየፎከሩ ሲመጡ አባቴ በሩ ላይ አስቆማቸው። «ጥይታችሁን አውጡና ግቡ» አለ። አጉረመረሙ። አንዱማ «የሙሽራ አጃቢ እንደ ሌባ ይፈተሻል እንዴ?» ብሎ ተቆጣ። አባቴ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ «ከዚህ ቤት ሙሽራ ነው የምታወጡት፤ ሬሳ አይደለም» አላቸው። ደስ አላላቸውም፤ ግን አወጡ። እናቴ ጥይታቸውን በመሶብ ክዳን ሰበሰበችው። እህቴ በዓይነ ርግቧ ውስጥ ሆና ስትስቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በዓመቱ አባቴ ዘንጋዳ ፍለጋ ቆላ ወርዶ ንዳድ ይዞት ተመለሰ። ገብሱ ታጭዶ አውድማ ላይ ነበር። ሳይወቃ ሞተ።

እንደ አገሩ ደንብ ለቀብሩ ተተኮሰ። የሰው ወግ ነው፤ የተከበረ ሰው በዝምታ አይቀበርም። እናቴ ራሷ ሙዳዩን አውጥታ ያለውን ጥይት ሁሉ ለወንድሜ ዘረገፈችለት። ወንድሜ ያን ጠመንጃ ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የጨበጠው። አባቴ አያስነካውም ነበራ! ልጁን ከጠመንጃው የጠበቀው መስሎት ጠመንጃ አያያዝ ሳያስተምረው ሞተ። ከቀብር መልስ አጎቴ ወንድሜን ጥግ ያዘና «እንግዲህ አባወራው አንተ ነህ። የሙት ቤት ነው ብሎ ደፋር እንዳይመጣ፤ ጠመንጃህ ባዶ እንዳያድር» አለው። ክፉ አስቦ አይደለም። ወንድሜም የቀረችውን ጥይት አጎረሰና ጠመንጃውን ከቦታው፣ ከምሰሶው ሰቀለው። እናቴን ላለማስፈራት ብሎ ዝም አለ።

የቀብሩ ዕለት እህቴ አልነበረችም። ሴት ልጅ ወልዳ አራስ ናት። አራስ ደግሞ መርዶ አይነገራትም፤ ወተቷ ይደርቃል፣ አእምሮዋ ይናወጣል ይባላል። ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና እስክትነሣ ድረስ ባሏም፣ አማቷም፣ ጎረቤቱም አንድ ሆነው ደበቋት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ለአባቷ ብላ ቅቤ ስታነጥር፣ ስትሰፋለት የከረመችውን መሶብ ስታስጌጥ፣ እሱ አፈር ከገባ ሰንብቷል።

በእኛ አገር ቀብር ያመለጠው ልጅ ሲመጣ ለቅሶው ይታደሳል። ሬሳው ስለሌለ የሟቹ ዕቃ ይወጣለታል። ካባው፣ ዝናሩ፣ ጠመንጃው። መጪው እነሱን አቅፎ ያለቅሳል፤ ያለዚያ እንባው አይወጣለትም ይላሉ። እናቴ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ በደብሩ የታወቀች ሙሾ አውራጅ ናት። ሰው ሲሞት «እሷ ትምጣ» ነው የሚባለው። እናቴ ግጥም ሳትሰጠው የተቀበረ ሰው፣ ግማሹ ሳይለቀስለት እንደ ቀረ ይቆጠራል።

እህቴ ከአማቶቿ ጋር በጠዋቱ መጣች። ጩኸቷ ከወንዙ ማዶ ነው የተሰማው። ሰው ከየቤቱ ወጣ። እናቴ ወደ ምሰሶው ሄደች። ጠመንጃውን አወረደች። አየኋት፤ አጠገቧ ነበርኩ። እጇ አላመነታም፤ ለምን ታመንታ? ጥይት ማለት እኮ ሙዳይ ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ሙዳዩ ደግሞ ባዶ ነው። አፈሙዙን ወደ ላይ፣ ሰደፉን ወደ ታች አድርጋ በደረቷ ታቀፈችውና ወጣች። ግቢው መሐል ስትደርስ ሙሾውን አወረደችው፦

«ቀብሩ ቢያመልጥሽም ነይ እቀፊው ልጄ፤
አባትሽ ይኸው ነው የቀረው በእጄ።»

ሴቶቹ ተቀበሏት። እህቴ ሕፃኗን ለአማቷ ሰጥታ ከበቅሎዋ ዘላ ወረደች። ነጠላዋ መሬት እየጎተተ መጣችና በእናቴ ላይ ወደቀች። ጠመንጃውን በመካከል አድርገው ተቃቀፉ። እየተወዛወዙ አለቀሱ። ነጠላዋ ከማንገቻውና ከምላጩ ጋር ተጠላልፎ እንደነበር ኋላ ላይ ነው ያየነው።

ጠመንጃው ባረቀ።

ሰው ሁሉ ለክብር የተተኮሰ ነው የመሰለው። አንድ ሽማግሌ «ይበል!» አለ፤ ድምፁ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። እህቴ በእናቴ እቅፍ ውስጥ እንዳለች ጉልበቷ ከዳት። እናቴ አልለቀቀቻትም። «ውኃ! ውኃ አምጡላት፤ ልቧ ጠፍቶ ነው» አለች። ውኃ መጣ። እናቴ ፊቷን እያበሰች፣ «አይዞሽ፣ የሁሉም ቤት ነው፣ አይዞሽ ልጄ» ትላታለች። ደሙን ሁላችንም ካየን በኋላ ነው እሷ ያየችው።

ያኔ ወንድሜ መሬት ላይ ተደፍቶ «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ ያጎረስኩት! የገደልኳት እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። እናቴ ቀና ብላ አየችው። «አንተ ዝም በል» አለችው። «በማን እጅ ነው ያለው? እኔ ነኝ።»

ሰው ቤት ጥፋት ሲመጣ ይሸሹታል። እኛ ቤት ተሻሙበት። እናቴና ወንድሜ በዚያች ጥይት ላይ ርስት እንዳላቸው ሁሉ ተካሰሱ። እሱ «አጉርሼ የሰቀልኩ እኔ» ይላል፤ እሷ «ሳላይ ያወረድኩ እኔ» ትላለች። አንዱ ለሌላው ሊተውለት አልቻለም። አማቶቿ የመጡበት በቅሎ ሬሳ ጭኖ እንዳይመለስ ብለው ከእኛው ደብር፣ ከአባቴ ጎን እንድትቀበር ፈቀዱ። ሽማግሌ ሲቀመጥ የባሏ አባት «ደም አንፈላለግም። እኛም ልጅ ነው የሞተብን፤ እናንተም» አለ። እግዚአብሔር ይስጠው፤ ከዚያ በላይ ምን ሊል ይችላል።

በቀብሯ ሴቶቹ ክብ ሠርተው እናቴን ጠበቁ። ለደብሩ ሰው ሁሉ ግጥም የሰጠች ሴት ናት፤ ለልጇ ምን ልትል ነው ብለው ጠበቁ። አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። እንደገና ከፈተች። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እህቴ ያለ ሙሾ ተቀበረች። እናቴም ከዚያ በኋላ በማንም ለቅሶ ላይ አላወረደችም። አንዲት ጎረቤታችን ግን አላስቻላትም፤ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ስትል ሰማሁ። ተረቱ እውነት ነው። እሷን ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም።

የንስሐ አባታችን ለእናቴ ቀኖና ሰጧት። «ነፍስ አላጠፋሽም ልጄ፤ እጅሽ እንጂ ልብሽ የለበትም» አሏት። ጾመች፣ ሰገደች፤ ቀኖናው ካለቀ በኋላም ስግደቱን አላቆመችም። ወንድሜ ማሳውን አረሰ፣ ዘራ፣ አጨደ፤ ከዚያ አንድ ቀን በሬዎቹን ለአጎቴ አስረክቦ ወደ ገዳም ሄደ። እናቴ «የእኔን ንስሐ ሊፈጽምልኝ ነው» አለች። እዚያም ቢሆን አልተወችለትም። ጠመንጃውን አጎቴ ወሰደው፤ ኩላቡ ግን ምሰሶው ላይ ቀረ። ጋቢ እንኳ የሰቀለበት የለም።

ሕፃኗ እኛ ጋ ቀረች። አንዲት የምታጠባ ጎረቤት ከልጇ ጋር አጠባቻት፤ እናቴና እኔ አሳደግናት። እናቷ በጥይት መሞቷን ታውቃለች። በማን እጅ እንደሆነ ግን የነገራት አልነበረም። አገር ሁሉ ያውቃል፤ አገር ሁሉ ዝም አለ። እናቴ በዓለም ላይ የምትፈራው አንድ ነገር ያን ብቻ ነበር። ልጅቷ ከሰው ጋር ተጣልታ እያለቀሰች ስትገባ፣ እናቴ ፊቷ ይገረጣል፤ «ምን አሉሽ? ምን አሉሽ?» ትላለች። ልጅቷ «ከውኃ ወረፋዬ አስወጡኝ» ስትል ብቻ ነው ትንፋሿ የሚመለሰው።

ልጅቷ አደገች፤ በታች ጋይንት ተዳረች፣ ወደ አርብ ገበያ። እናቴ በዚያን ጊዜ ቆብ ጭናለች። መልሱ ካለፈ በኋላ ጎጆዋን ልናይላት ሄድን። የልጅቷ ባል ጨዋ ልጅ ነው፤ ሮጦ መጥቶ ጉልበቷን ሳመ። እናቴ ደፉ ላይ ስትደርስ ቆመች። ምሰሶው ላይ ጠመንጃ ተሰቅሏል።

«ይግቡ እንጂ እማሆይ፣ ፀሐይ ላይ ቆሙ እኮ» አላት።

«እሱን አውርደው።»

ቀና ብሎ አየና ሳቀ። «ባዶ ነው እማሆይ። ስጋት አይግባዎ።»

«የኛም ባዶ ነበር» አለች እናቴ።

ስለዚያ ቀን ስትናገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው። ባልየው እኔን አየኝ። «እሺ በላት» አልኩት። አወረደው። እናቴ ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደችው፤ አፈሙዙን ወደ መሬት አስደፋችው፤ ብረቱን አስሳበችው። ትንሿን ጣቷን አስገብታ ዳበሰች፤ ልክ እንደ አባቴ። ምንም አልነበረም። ልጁ እውነቱን ነው። እናቴ ግን መዳፏን ዘርግታ ቆመች። ልጁ ግራ ገባው፤ «ምን ልስጥዎ እማሆይ?» አላት።

«ጥይቱን ስጣት» አልኩት።

ከዝናሩ አንድ አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረላት። እናቴ ጨበጠቻት። ከዚያ የልጅ ልጇን ጠርታ በእጇ አስያዘቻት። «ጠመንጃው የእሱ ነው» አለቻት። «ይህ ያንቺ ነው። ሲገባ ሁሉ እዚህ ቆመሽ ትቀበይዋለሽ። ልጅ ስትወልዱ ለምን እንደሆነ ትነግሩታላችሁ።»

«ለምንድን ነው እማዬ?» አለች ልጅቷ።

የእናቴን እጅ ያዝኩ፤ ተይው፣ ሌላ ጊዜ ይሁን ልላት። አስለቀቀችኝ። የአጥሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ልጅቷንም ከጎኗ አስቀመጠቻት።

«እናትሽን ያቀፍኳት እኔ ነበርኩ» ብላ ጀመረች።