አረሙን በአደራ

የማስተርስ ጥናቴ ቅንጬ አረም እንዴት እንደሚዛመትና መቼ ቢነቀል እንደሚጠፋ በሒሳብ ቀመር ማስላት ነበር። ይህ ነጭ አበባ ያለው መጤ አረም ያን ጊዜ ከአምቦ መንገድ ዳር ተነስቶ እርሻ ውስጥ መግባት ጀምሮ ነበር። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ከጥቁር ሰሌዳ ወዲያ የማውቀው መሬት የለኝም። ቀመሩ ግን ቁጥር ይፈልጋል፤ ቁጥሩ ደግሞ ያለው ማሳ ላይ ነው።

በጉደር መንገድ ጤፍ የዘሩ አንድ ሽማግሌ ፈቀዱልኝ። የማሳቸው ጥግ ላይ አራት ካስማ ተክዬ ገመድ ወጠርኩና ውስጡ የበቀለውን አረም ቆጠርኩ። "ከሁለት ሳምንት በኋላ መጥቼ እስክቆጥረው እንዳይነካብኝ፣ አደራ" አልኳቸው። ከዚያ የፈተና እርማት መጣ፣ ምዝገባ መጣ፣ እውነቱን ለመናገር ስንፍናም መጣ። ረሳኋቸው።

መስቀል ካለፈ በኋላ ስሄድ ጤፉ ንጹሕ ነው፤ ገመዱ ውስጥ ያለው አረም ግን ወገቤ ደርሶ፣ አብቦ፣ ዘሩን አራግፏል። ጎረቤቶቻቸው በደቦ ሊያርሙላቸው ሲመጡ ገመዱን እንዳያልፉ የከለከሉት ራሳቸው ናቸው። ሰው ሲስቅባቸው "የመምህሩ አደራ ነው" ይሉ ነበር አሉ። አፈርኩ። አፍሬ ግን ምን አደረግኩ? ቆጠርኩ! እንዲያ ያለ ቁጥር ከየትም አላገኝም ነበርና ደስም ብሎኛል። በዓመቱ ማሳው ምን እንደሚሆን የራሴ ቀመር ነገረኝ፤ እኔ ግን ሄጄ አልነገርኳቸውም።

ተመርቄ በቀጣዩ ክረምት ስሄድ የማሳቸውን ግማሽ አረም ወርሶታል። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ይነቅላሉ፤ ክንዳቸው አረሙ ባወጣባቸው ሽፍታ ቆስሏል። ሲያዩኝ ቀና አሉ።

"አካም ጂርታ፣ ባርሲሳ!" እንዴት ነህ፣ መምህር ማለታቸው ነው። "ሒሳቡ ወጣልህ?"

"ወጣልኝ።"

"ምን አለ ታዲያ?"

"ሳያብብ ይነቀል ነው የሚለው" አልኩ መሬት መሬቱን እያየሁ።

"እሱንማ እኔም አውቅ ነበር" አሉ። "አንተን ስጠብቅ ነው እንጂ።"

ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ጥናቴ ያኔ ተጠርዞ ቤተ መጻሕፍት ገብቷል። የመጨረሻው ገጽ ላይ "የአካባቢው ገበሬ ስለ አረሙ ያለው ግንዛቤ ዝቅተኛ ስለሆነ ትምህርት ሊሰጠው ይገባል" ብዬ ጽፌያለሁ።